የመሸበት እንግዳ

የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ የባዮሎጂ ተማሪ ነው፤ እኔ የሥነ ጽሑፍ። አብረን ስንኖር ሦስተኛ ዓመታችን ሲሆን እስካለፈው ሐምሌ ድረስ አንዳችን የሌላውን ደብተር ገልጠን አናውቅም ነበር። እሱ ልብ ወለድን «የሥራ ፈት ወሬ» ይለዋል። እኔም በበኩሌ እሱ ስለ ሕዋስ ሲያወራ ትራሴን ጆሮዬ ላይ እደፋለሁ።

ታዲያ አንድ ምሽት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ መብራትም ጠፍቶ ሳለ፣ ጃንጥላውን ይዞ አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። «ነገ ፈተና አለብኝ። ላስረዳህና ገብቶኝ እንደሆነ አንተ ፍረድ» አለኝ። ሻማ አበራን። ሊያስረዳኝ የፈለገው ስለ እብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ነበር። እሱ በምን ይወቅ! ከበሽታዎች ሁሉ ስሙ ሲነሳ ሆዴን የሚያመኝ ያ ብቻ ነው። ሆዴን ስል በምሳሌ አይደለም። እምብርቴ ዙሪያ፣ መርፌው በገባበት በገባበት።

ጃንጥላውን ዘረጋና በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ በጉልበት ወደ ላይ ገለበጠው። ነፋስ እንደ መታው ሁሉ ሽቦዎቹ ወደ ውጭ ዞሩ። «ይኸውልህ! ቫይረሱ የሚገባው እንዲህ ነው። ፕሮቲኑ መልኩን ይለውጣል» አለ።

መልኩን ይለውጣል። ይህን አነጋገር ከዚያ በፊት የሰማሁት ከሳይንስ ሰው አፍ አልነበረም።

ነገሩ በ2005 ዓ.ም. ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጎጃም ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ። አብሮ አደጌና እኔ (ስሙን አልጽፍም፣ እናቱ በሕይወት አሉ) ከወንዝ ስንመለስ ጌታው ያልታወቀ አንድ ቡላ ውሻ ከአጥር ሥር ብቅ አለና መጀመሪያ እሱን እጁንና አንገቱን፣ ቀጥሎ እኔን ባቴን ነከሰን። አልጮኸም፤ አላጉረመረመም። እንደ ማንኛውም መንገደኛ ዝም ብሎ መጥቶ ነው የነከሰን። ማታ ውሻው ተገደለ ተባለ። «አብዷል» አሉ ሰዎቹ።

አያቴ ቁስሌን በወራጅ ውሃና በልብስ ሳሙና ፈተገችው። ጸሎት የማታጓድል ሴት ስለ ነበረች ጠበል ትላለች ብዬ ስጠብቅ ሳሙና አለች። እግሬ እስኪቀላ፣ እኔም ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ። በማግስቱ እናቴ በመኪና አንድ ሰዓት ወደሚያስኬድ ከተማ ወሰደችኝ። ያን ጊዜ የሚሰጠው በእንስሳ አንጎል ላይ የሚዘጋጀው የዱሮው ዓይነት ክትባት ነበር፤ አሥራ አራት ቀን፣ በየቀኑ አንድ መርፌ፣ ሆድ ላይ። የመጀመሪያውን ተወግቼ ማታ ተመለስኩ።

የአብሮ አደጌ አባት እህል ሊሸጡ ሄደው ኖሮ የደረሱት ያን ዕለት ማታ ነው። እኔም እነሱ ቤት ሄጄ መደቡ ላይ ተቀመጥኩና ያየሁትን መተረክ ጀመርኩ። ወሬ ማሳመር ከልጅነቴ አብሮኝ ያደገ ነገር ነው፤ በኋላ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ያደረገኝም እሱ ሳይሆን አይቀርም። መርፌው እርሳስ ያህላል አልኩ። ሆድ ውስጥ ገብቶ ጀርባ ሊነካ ይደርሳል አልኩ። አንድ ትልቅ ሰውዬ፣ ባለ ጢም፣ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ አየሁ አልኩ። ሰውዬው እውነት ነበር፤ ሌላውን ጨመርኩበት። አብሮ አደጌ ሲሰማ ሲሰማ ቆየና የአባቱን ጉልበት ይዞ «አባዬ፣ እኔስ አልሄድም» አለ።

በዚያ ላይ የአሥራ አራት ቀን የመኪና ዋጋ ለአባትየው ቀላል አልነበረም። ይህንን ዛሬ አውቃለሁ፤ ሳውቀውም ትንሽ ቀለል ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ቀለል ማለቱ ያሳፍረኛል። በነጋታው ወደ አንድ መድኃኒት ዐዋቂ ወሰዱት። ሥር ተወቅጦ በአሬራ ተበጥብጦ ተሰጠው። በሰባተኛው ቀን ቡችሎቹ ከሽንቱ ጋር ይወጣሉ ተባለ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ያመንነው እንዲህ ነበር፤ የውሻው ዘር ሰውየው ሆድ ውስጥ ገብቶ ይረባል፣ ካልወጣም ሰውየውን ራሱን ወደ ውሻ ይለውጠዋል።

እንግዲህ ወደ ጓደኛዬ ጃንጥላ ልመለስ። ያን ሌሊት የነገረኝንና ከዚያ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ፣ መዝገበ ቃላት ታቅፌ ያነበብኩትን እንደ ገባኝ አድርጌ ልጻፈው። ባዮሎጂዎች ቢስቁብኝ ይሳቁ።

ቫይረሱ የጥይት ቅርጽ አለው። ርዝመቱ 180 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ሚሊሜትር ላይ ከ5,000 በላይ ሆነው ጫፍ ለጫፍ ይሰለፋሉ። በውስጡ የያዘው መመሪያ አምስት ፕሮቲን ብቻ የሚያሠራ ነው፤ ለዚያ ሁሉ ጥፋት አምስት! ከላይ የለበሰው የስብ ካባ የራሱ አይደለም፤ ከወጣበት ሕዋስ ላይ ገፎ የለበሰው ነው። በካባው ላይ እንደ እሾህ የቆመው «ጂ» የሚባለው ፕሮቲን ነው፤ ሦስት ሦስት እየሆነ ተቃቅፎ ይቆማል። ፕሮቲን ማለት ደግሞ መቁጠሪያ ነው፤ ወደ 500 የሚጠጉ ፍሬዎች በአንድ ክር ላይ ተሰክተው፣ መነኩሴ በመዳፉ እንደሚጨብጠው ተጣጥፈው የተቀመጡ። ሥራው ያለው በአተጣጠፉ ላይ ነው። ያው መቁጠሪያ፣ ፍሬው ሳይጨመር ሳይቀነስ፣ አለዚያ ቢታጠፍ ሌላ ነገር ይሆናል።

ታዲያ ቫይረሱ በምራቅ ጡንቻ ውስጥ ይገባና ወደ ነርቭ ይደርሳል። በነርቭ ሕዋስ ደጃፍ ላይ ሕዋሱ ለሌላ ጉዳይ ያቆማቸውን ተቀባዮች ይይዛል። ከነዚህ አንዱ ነርቭ ጡንቻን ሲያዝ መልእክቱ የሚደርስበት ተቀባይ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች እንዳስተዋሉት የ«ጂ» አንዲት ቁራጭ በእባብ መርዝ ውስጥ ያለውን ነርቭ የሚያሰንፍ ፕሮቲን ትመስላለች። እባብና እብድ ውሻ በአንድ ቁልፍ አንድ በር ያንኳኳሉ እንደማለት ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ያስገረመኝ። ቫይረሱ በሩን አይሰብርም። ራሱ ሕዋሱ ነው የሚያስገባው። ግድግዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉድና ቫይረሱን በከረጢት ጠቅልሎ ይወስደዋል። ሕዋስ ይህን የሚያደርገው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ብረቱንም፣ ስቡንም፣ ከሩቅ የተላከለትንም መልእክት የሚቀበለው በዚሁ መንገድ ነው፤ እንግዳ አልቀበልም ቢል ይራባል። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲባል ማን ደጁን ይዘጋል?

ሕዋሱም ጥንቃቄ አያጣም። የዋጠውን እንዲፈጭለት ከረጢቱን ቀስ በቀስ አሲድ ያደርገዋል። በሰው ደም ውስጥ የአሲድ መለኪያው 7.4 ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በረታ ማለት ነው። በከረጢቱ ውስጥ 6.3 አካባቢ ሲደርስ «ጂ» ጊዜው እንደ ደረሰ ያውቃል። ያውቃል ማለቴ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ አነጋገር ነው፤ ጓደኛዬ ሰምቶ ተቆጥቶኛል። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ከመቁጠሪያው ፍሬዎች አንዳንዶቹ ከአሲዱ የሃይድሮጅን ቅንጣት ይቀበላሉ፤ የኤሌክትሪክ ጠባያቸው ይለወጣል፤ ተቃቅፈው የነበሩት መገፋፋት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ጃንጥላው ይገለበጣል። ወደ ቫይረሱ ካባ አጎንብሰው የነበሩት፣ ውሃ የሚጠሉ ስብ የሚወዱ ጫፎች ተወንጭፈው በከረጢቱ ግድግዳ ላይ ይሰካሉ። ቀጥሎ ፕሮቲኑ እንደ ጸጉር መቆንጠጫ ይታጠፍና የቫይረሱን ካባና የከረጢቱን ግድግዳ ስቦ ያፋጥጣቸዋል። በወጥ ላይ የሚንሳፈፉ ሁለት የዘይት ጠብታዎች ሲነካኩ አንድ እንደሚሆኑት፣ ሁለቱ ስቦች አንድ ይሆናሉ። ቀዳዳ ይከፈታል። መመሪያው ወደ ሕዋሱ ሆድ ይፈስሳል።

ሕዋሱ እንግዳውን ለመፍጨት ባፈላው አሲድ እንግዳው በር ከፈተበት። ከቫይረሱ በኩል የወጣ ጉልበት የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክት ሰጪው ባለቤቱ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይኸኛው ግን ቁርበቱ እስኪነጠፍለት፣ መብራቱም እስኪጠፋ ድረስ ጅብነቱን አያወጣም።

የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስም ዘዴው ተመሳሳይ ነው፤ የእሱ ፕሮቲን ግን እንደ አይጥ ወጥመድ ነው፣ አንዴ ከተፈናጠረ አይመለስም። ያለ ቦታው አሲድ ቢነካው ተፈናጥሮ ከንቱ ይቀራል። የእብድ ውሻው ይመለሳል። አሲዱን ብትቀንሱለት «ጂ» እንደገና ተጣጥፎ የቀድሞ መልኩን ይይዛል። ጓደኛዬ ጃንጥላውን ጭብጥ አድርጎ መልሶ ሲያስተካክለው ያሳየኝ ይህንኑ ነው። ለምን ቢባል፣ አዲስ የተሠራው «ጂ» ከሕዋሱ ሲወጣ አሲድ ባለባቸው ክፍሎች ማለፍ አለበትና፤ እዚያ ተገልብጦ ቢቀር ኖሮ አዲሱ ቫይረስ መግቢያ ባጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የዚህ ቫይረስ ዘመድ የሆነውን፣ የከብት አፍ የሚያቆስለውን ቫይረስ ፕሮቲን በሁለቱም መልኩ አቶም በአቶም ቀርጸው አሳዩ። የራሱ የእብድ ውሻው ፕሮቲን ቅርጽ የተነበበው በ2020 ነው። እኔ ስወጋ፣ አብሮ አደጌም ሥሩን ሲጠጣ፣ የዚያን በረኛ ትክክለኛ መልክ በዓለም ላይ ያየ ሰው ገና አልነበረም ማለት ነው።

በረኛ ካልኩ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 ሉዊ ፓስተር ፓሪስ ላይ ከእብድ ውሻ በሽታ ለማዳን ያስወጋው ጆሴፍ ማይስተር የሚባል ልጅ ነበር። እሱም ዘጠኝ ዓመቱ። እሱም ሆዱ አካባቢ፣ 13 ጊዜ። ፓስተር የሚዋጋውን ጠላት በዓይኑ አላየም፤ ቫይረስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እስኪታይ ገና ግማሽ ምዕተ ዓመት ይቀር ነበር። ልጁ ዳነ፤ አድጎም የፓስተር ተቋም በረኛ ሆነ። አምላክ አንዳንዴ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው።

የክትባቱ ነገር ሲገባኝ ደግሞ በአንድ የአማርኛ ቃል ላይ ቆምኩ። ክትባት በሰውነት ውስጥ እንዲፈጠር የሚያደርገውን ተከላካይ የኛ መጻሕፍት «ፀረ እንግዳ አካል» ይሉታል። ማን እንደ ተረጎመው አላውቅም፤ እንግዳ ተቀባይ ነን ለምንል ሰዎች ግን ጠንከር ያለች ቃል ናት። ፀረ እንግዳ አካሉ በር ዘጊ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ «ጂ» የሕዋሱን ተቀባይ እንዳይዝ ይሸፍነዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጃንጥላውን እጥፋቱ ላይ አንቆ ይይዝና ከረጢቱ ውስጥ እንኳ ቢገባ እንዳይገለበጥ ያደርገዋል። እንግዳው ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ መልኩን ሳይለውጥ ይሞታል። ይህ የሚሆነው ግን ቫይረሱ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ብቻ ነው። ከቁስሉ እስከ አንጎል የሚወስድበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ነው፤ ንክሻው ለጭንቅላት ሲቀርብ ሊያጥር ይችላል። አንገት ቅርብ ነው። ባት ሩቅ ነው።

የአያቴ ሳሙናም ትርጉም ያገኘው ያን ሌሊት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ቁስሉን አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል በውሃና በሳሙና እጠቡ ይላል። ሳሙና ስብ ያሟሟል፤ የቫይረሱ ካባ ስብ ነው፤ ካባው ሲሟሟ እሾሁ የሚቆምበት ያጣል። አያቴ ይህን አታውቅም ነበር። እኔም የዳንኩት በሳሙናው ይሁን፣ በመርፌው ይሁን፣ ውሻው ምራቁን እሱ ላይ ጨርሶ እኔ ጋ ሲደርስ ቀንሶለት ይሁን፣ ወይስ ሱሪዬ ወፍራም ስለነበር፣ የሚነግረኝ የለም። ይኸው ድርጅት በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ብሎ ይገምታል፤ ከመቶው አርባው ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ነው። አሁን በሕዋስ ላይ የሚዘጋጀው ክትባት መርፌው ጥቂት ነው፤ የሚወጋውም ክንድ ላይ ነው። ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ ባይኖር ኖሮ እኔ የማሳምረው ወሬ አይኖረኝም ነበር።

«ገባህ?» አለኝ ጓደኛዬ፣ ሻማው ሊያልቅ ሲል።

«ገብቶኛል» አልኩት። ከዚያ ነገርኩት፤ እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩትን። ጃንጥላውን አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠና ብዙ ቆየ። መጽናኛ አልሰጠኝም፤ ሳይንስ ነው የሰጠኝ፣ ያም ይሻል ነበር። ቫይረሱ አንጎልን ብዙም አያፈርሰውም፣ ሥራውን ነው የሚያውከው አለኝ። ጉሮሮ ውሃ ሲያይ የሚኮማተረው በሽተኛው ስለ ፈለገ አይደለም፤ የመዋጥና የመተንፈስ ሥርዓቱ ስለ ታወከ ነው። በአንዱ መናወጥና በሚቀጥለው መካከል ግን ሰውየው ብዙ ጊዜ ራሱን ያውቃል። ማን እንደ ሆነ፣ ማን እንደ መጣ ያውቃል።

ይህችን የመጨረሻዋን ከአፉ ሰምቼ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ከንክሻው አምስት ሳምንት አልፎ ነበር። መርፌዬን ከጨረስኩ ቆይቻለሁ። አብሮ አደጌን ጓዳ አስተኝተውታል፤ ሁለት እጆቹ በነጠላ ታስረዋል። ሰፈርተኛው ውጭ ተኮልኩሎ «መልኩ ተለወጠ» ይላል። «ልጁማ ሄዷል፤ አሁን ያለው ያ ውሻ ነው» ሲሉ አንዲት ሴትዮ ሰማሁ። ማንም ስሙን አይጠራም። እኔም አመንኩ። ቡችሎቹ አልወጡም፤ ስለዚህ እሱ ተለወጠ። ሒሳቡ ግልጽ ነበር።

እናቱ ብቻ አላመኑም። ውሃ ጠየቀ ብለው በጣሳ ቀድተው ሰጡኝና «አንተ ብትሰጠው ይጠጣልሃል» አሉኝ። ገባሁ። ጣሳውን ሲያይ አንገቱ ተገተረ፤ ከጉሮሮው እስከ ዛሬ ምን እንደምለው የማላውቅ ድምፅ ወጣ። ጣሳው ከእጄ ወደቀ። ከኋላዬ የነበሩት ተንጋግተው ወጡ። እኔ እግሬ አልታዘዝ አለኝና በሩ ላይ ቀረሁ።

ከዚያ ጸጥ አለ። ላብ አጥልቆታል፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ቀና ብሎ አየኝ፤ በስሜ ጠራኝና፣

«ሆድህን አሁንም ያምሃል?» አለኝ።

ጣሳውን ከመሬት አነሳሁና ሳልመልስለት ወጣሁ።